ንቦች በክረምት የበረት ሽንት፣ አመድና እጣቢ ላይ የሚሰበሰቡት ምን ፈልገው ነው? (ጅማ)

ቡና ሥር ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡና ጥላ ውስጥ 6 ዘመናዊ ቀፎና 3 ባህላዊ ቀፎ አሉኝ። የብሳናው አበባ አልቆ ዝናቡ ከጠነከረበት ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ የንቦቹ አዋዋል ተለውጧል። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር የከብቶች በረት የሽንት ቦይ ዳር ይሰፍራሉ። ከምድጃ የተደፋ እርጥብ አመድ ላይ፣ የልብስ እጣቢ የሚፈስበት ጭቃ ላይም ብዙ አሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ሰፈር ካለው ወፍጮ ቤት ነጭ ዱቄት እግራቸው ላይ ጭነው ይመለሳሉ። ውኃ ጠምቷቸው ነው እንዳልል ግቢው ሁሉ ኩሬ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ ምን ጎድሏቸው ነው? ማሩን አያበላሽም ወይ? ሽሮና በሶ ስጣቸው የሚሉኝ አሉ፣ ጨው ስጣቸው የሚሉም አሉ፤ የቱ ነው ልክ፣ በምን መጠን? በሞቃት አገር ሥጋ የሚበሉ ንቦች አሉ ሲባልም ሰምቻለሁ። የእኛዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ?

ቀሳሚ መለሰ፦

ወንድሜ፣ «ግቢው ሁሉ ኩሬ ነው» ያልከው ትልቁ ፍንጭ ነው። ንጹሕ የዝናብ ውኃ በየቅጠሉ ላይ እያለ አልፈውት ወደ ሽንት ቦይ ከሄዱ የሚፈልጉት ውኃውን ሳይሆን ውኃው ውስጥ ያለውን ነው። ያም በዋናነት ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ነው።

ንብ ከአበባ ሁለት ነገር ታገኛለች። ወለላው ስኳር ነው፣ ማገዶዋ። ብናኙ ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ቫይታሚንና አብዛኛውን ማዕድን ይሰጣታል። ሶዲየም ግን በሁለቱም ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ዕፅዋት ራሳቸው ሶዲየምን ብዙም ስለማይፈልጉት ነው፤ ሕዋሳቸው የሚሠራው በፖታሲየም ስለሆነ ብናኝና ወለላም በፖታሲየም ያደላሉ። እንስሳ ግን ነርቩና ጡንቻው ያለ ሶዲየም አይሠራም። ቅጠልና አበባ ብቻ የሚበላ ፍጡር ሁሉ፣ ላምም ሆነ ቢራቢሮ ወይም ንብ፣ ይህ ጉድለት አብሮት ይኖራል።

ጅማ ላይ ጉድለቱ የሚብስበት ምክንያት አለ። ጨው ከባሕር በነፋስና በዝናብ ወደ መሬት ይመጣል፤ ከባሕር በራቅን ቁጥር የሚደርሰን ያንሳል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት ቀይ አፈር ደግሞ ያለውንም ጨው አጥቦ ይወስዳል። ከብት አርቢው ይህን ስለሚያውቅ ነው ከብቱን ሆራ የሚያወርደው፣ አሞሌ የሚያስልሰው። በአሜሪካ አህጉሮች ጉንዳኖችን በጨውና በስኳር ማጥመጃ ያነጻጸረ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከባሕር የራቁት ጉንዳኖች ከቅርቦቹ ይልቅ ጨው እንደሚሹ አሳይቷል። የንቦችህም ጉዳይ የዚሁ ዓይነት ነው።

እንዴት ያገኙታል ለሚለው፦ ንብ ጨውን በአንቴናዋ፣ በምላሷና በፊት እግሮቿ ጫፍ ትቀምሳለች። እርጥብ ጭቃ ላይ ስታርፍ ምላሷን ሳትዘረጋ በእግሯ ብቻ ጨው እንዳለበት ታውቃለች። ከሩቅ የሚመራት ግን ሽታ ነው። ንጹሕ ውኃ እምብዛም ሽታ ስለሌለው ለማግኘት ይቸግራታል፤ ሽንት፣ እበት የነካው ጭቃና እጣቢ ግን ከሩቅ ይሸታሉ። አንዴ ካገኘችው ለሌሎቹ በጭፈራ ትነግራለች። ጭፈራው ለአበባ ብቻ አይደለም፣ ለውኃና ለሙጫም ይጨፈራል። ጆሮ ሊሰጠው የሚገባው ደግሞ ቀፎው ፍላጎቱን የሚገልጽበት መንገድ ነው። ቀሳሚዋ ስትመለስ ተቀባይ ንቦች ተሻምተው ወዲያው ከተቀበሏት ተመልሳ ትሄዳለች። የሚቀበላት አጥታ ከዞረች ግን ተግባሩን ትተዋለች። ስለዚህ ንቦች በረት ላይ በብዛት ከታዩ ቤት ውስጥ ያሉት እየፈለጉት ነው ማለት ነው።

አሁን የጠቀስካቸውን ቦታዎች እንለያቸው፤ አንድ ላይ መጠቅለል ስህተት ያመጣል። የበረት ሽንት ሶዲየምም ፖታሲየምም ናይትሮጂንም አለው። የልብስ እጣቢ በሳሙናው ምክንያት ሶዲየም አለው። የእንጨት አመድ በዋናነት ካልሲየምና ፖታሲየም ነው፣ ሶዲየሙ ጥቂት ነው። ወፍጮ ቤቱ ግን ከጨው ጋር ምንም አያገናኘውም። ዱቄት በእግር ቅርጫት ተጭኖ ከገባ የጎደለው ብናኝ፣ ማለትም ፕሮቲን ነው። አንተ ጋ ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች በአንድ ወቅት ተገናኝተዋል።

ብሳና መለሰች፦

ቀሳሚ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ንብ ከአበባ ውጭ ስትታይ ሁልጊዜ ለምግብ አይደለም፤ አቀማመጧን ማየት ያስፈልጋል። ጭንቅላቷን ደፍታ፣ ምላሷን ዘርግታ፣ ሆዷ ወደ ኋላ እየተነፋና እየተሳበ ከሆነ ፈሳሽ እየመጠጠች ነው። በመንጋጋዋ እየፋቀች ወደ ኋላ እግሯ የምታስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ሙጫ ወይም ዱቄት እየጫነች ነው። ሙጫው የሚያብለጨልጭና የሚጣበቅ ነው፣ ቀዳዳ ለሚደፍኑበት ፕሮፖሊስ ይውላል እንጂ አይበላም። ሙጫ ሲቸግራቸው ያልደረቀ ቀለምና የቀለጠ ሬንጅም ይፍቃሉ፤ ፕሮፖሊስ የሚሸጥ ሰው ቀፎውን ከጋራዥና ከእንጨት ቀለም ቤት ማራቅ አለበት።

ጣፋጭ ነገርም ከአበባ ውጭ አለ። የጉሎ ቅጠል አንገት ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች፣ የባቄላ ግንድ ላይ በቅጠሉ ሥር ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች፣ የብሳና ቅጠል መነሻ ላይ ያሉት ጥንድ እጢዎች ስኳር ያለው ፈሳሽ ያወጣሉ። አበባቸው ገና ሳይፈነዳም ንብ ትጎበኛቸዋለች። ክሽክሽ የያዘው ተክል ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውንም ጣፋጭ ፈሳሽ ትልሳለች። ከዚህ የሚሠራው ማር ጠቆር ያለና ማዕድን የበዛበት ይሆናል። ጥቁር ማር ያየ ሁሉ «ተቃጥሏል» ወይም «ተደባልቋል» ሊል አይገባም።

በእግራቸው የሚመጣው ጭነት ብርቱካናማ ሆኖ በአካባቢው እንዲህ ያለ ብናኝ የሚሰጥ አበባ ከሌለ ደግሞ የዝገት በሽታ የያዘው ቅጠል ላይ ያለ የፈንገስ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ንብ ብናኝ ስታጣ ይህንንም ትሰበስባለች። ለእጭ ማሳደጊያ ግን ደካማ ነው፣ የችግር ምልክት አድርጋችሁ ያዙት።

ጌራ ጫካ መለሰ፦

ስለ ሥጋው፦ እውነት ነው፣ ግን እኛ አገር አይደለም። ሥጋ ብቻ የሚበሉት በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩ፣ ትሪጎና ከሚባለው ወገን የሆኑ የማይናደፉ ንቦች ናቸው። የታወቁት 3 ዝርያዎች ናቸው። ዴቪድ ሩቢክ የተባለው ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ከፓናማ ሆኖ ነገሩን በዝርዝር ገልጾታል። የሞተ እንስሳ በዓይኑ ወይም በሌላ ክፍት ቦታ ገብተው ሥጋውን በመንጋጋቸው እየቆረጡ ወደ ጎጆ ይወስዳሉ። ብናኝ የሚጭኑበት የኋላ እግር ቅርጫታቸው እንኳ ከስሟል። በ2021 እ.ኤ.አ. ኮስታ ሪካ ውስጥ ጥሬ ዶሮ ሥጋ ሰቅለው ያጠኗቸው ተመራማሪዎች በአንጀታቸው ውስጥ ኮምጣጣ ነገር የሚወዱ ረቂቅ ተሕዋስያን በብዛት አግኝተዋል።

የእኛ ማር ንብ ሥጋ አትበላም። ሥጋ የታጠበበት ደም የነካው ውኃ ላይ ብትታይ ጨዉን ፈልጋ ነው። ታይላንድ ውስጥ የሰውንና የከብትን እንባ የሚጠጡ ጥቃቅን ንቦችም አሉ፤ በእንባ ውስጥ ጨውም ፕሮቲንም አለ። በእኛም አገር ላብ ላይ የምታርፈው ትንሽ ንብ ያችኑ ጨው ትፈልጋለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ብራዚል ያለችው የማይናደፍ ንብ ናት። እጮቿ የሚያድጉት በሴሉ ውስጥ በምግቡ ላይ የሚበቅል ፈንገስ እየበሉ ነው፤ ፈንገሱ ከሌለ አብዛኞቹ እጮች አይደርሱም። ነፍሳት ስቴሮል የሚባለውን የቅባት ዓይነት ራሳቸው መሥራት ስለማይችሉ እጮቹ ወደ ሙሽሬ፣ ማለትም ወደ ቀጣዩ ደረጃ፣ የሚለወጡበትን ሆርሞን መሥሪያ ከፈንገሱ ይወስዳሉ። የፈንገሱ ነገር በ2015፣ የሆርሞኑ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለእኛ የሚሰጠው ትርጉም፦ የማር ንብም ብናኙን በቀፎ ውስጥ ከማርና ከረቂቅ ተሕዋስያን ጋር አብላልታ ነው የምታስቀምጠው። አበባ ላይ የፈንገስ መድኃኒት መርጨት ንቧን ባይገድላትም ይህንን ማዕድ ሊነካ ይችላል።

ወለላ መለሰ፦

አባቶቻችን በክረምት በሶ ሰጥተው ነው ንብ ያቆዩት። ለምን እናወሳስባለን? በሶ በቆርቆሮ ክዳን ላይ በትኖ ቀፎ ፊት ማስቀመጥ ነው፣ ወዲያው ይወርሩታል።

የቀፎ በር መለሰ፦

ጋሽ ወለላ፣ መውረራቸው እውነት ነው፤ ግን ንብ የተሸከመችውን ሁሉ አትፈጨውም። የዱቄት ቅንጣት ከብናኝ ጋር ስለሚመሳሰል ትጭነዋለች። በሶ ገብስ ነው፦ ፕሮቲኑ 12 በመቶ አካባቢ ሲሆን የቀረው አብዛኛው ስታርች ነው። ስታርችን ንብ በደንብ አትፈጭም፣ ሆዷ ውስጥ ይከማቻል። ዝናብ በቀናት ሲዘጋጋ ለመጸዳዳት መውጣት ስለማይችሉ የቀፎው በርና የሰም እንጀራው ላይ ቡናማ ተቅማጥ ይታያል። በሶ ከምንም ይሻላል፣ ግን ዋና ምግብ አይደለም።

ሽሮ በፕሮቲን ከበሶ ይበልጣል፤ ሁለት ወጥመድ ግን አለው። አንደኛው፣ የሚሸጠው ሚጥን ሽሮ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው አለበት፤ ለንብ ፈጽሞ አይሰጥም። ነጭ ሽሮ ሲገዛም ጨው እንዳልገባበት ቀምሶ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና አኩሪ አተር ውስጥ ንብ የማትፈጫቸው የስኳር ዓይነቶች አሉ፤ ሲበዙ ዕድሜዋን ያሳጥራሉ። ስለዚህ መጠን ያስፈልጋል፣ ከሌላ ነገርም ጋር መደባለቅ አለበት።

ልኬቱ ይህ ነው። አኩሪ አተር የጥሬነት ሽታው እስኪጠፋ ቁሉት። ያለ ቁሌት የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር ስላለው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። አስፈጭታችሁ በቀጭን ወንፊት ንፉ፤ ሻካራው ቅንጣት በምላሷ አይገባም፣ ንቦቹ እንደ ቆሻሻ አውጥተው በሩ ላይ ይጥሉታል። 300 ግራም የተነፋ ዱቄት፣ 100 ግራም ደረቅ እርሾ፣ በላዩ 2 እጅ ስኳር በ1 እጅ ውኃ የተሟሟ ወፍራም ሽሮፕ 400 ሚሊ ሊትር ያህል በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። እጅ ላይ የማይጣበቅ ጠንካራ ሊጥ ሲሆን አቁሙ። የዳቦ እርሾ ከሆነ መጀመሪያ በጥቂት ውኃ ለደቂቃዎች አፍሉትና ግደሉት። በሕይወት ያለ እርሾ ከስኳር ጋር ሲገናኝ ሊጡን ያስነሳዋል፣ ንቦቹንም ያስቀምጣቸዋል። ከራሳችሁ ጤነኛ ቀፎ የተገኘ ማር አንድ ማንኪያ ብታክሉበት ቶሎ ይለምዱታል። ከገበያ የተገዛ ማር ግን አትጨምሩ፤ የእጭ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አቀማመጡ እንደ ቀፎው ነው። በዘመናዊ ቀፎ 200 ግራም የሚሆን ጠፍጣፋ ቂጣ በፕላስቲክ ከላይ ሸፍኖ፣ እጭ ካለባቸው ፍሬሞች በትክክል በላይ ይቀመጣል። አራት ጣት ያህል ወደ ጎን ከራቀ እጭ የሚመግቡት ሞግዚት ንቦች አይደርሱበትም፣ ይሻግታል። በሽግግር ቀፎ (እንጀራው ከአግዳሚ እንጨት በሚንጠለጠልበት) አናቱ ዝግ ስለሆነ ከመጨረሻው እንጀራ ጀርባ ወለሉ ላይ አድርጉት። በባህላዊ ቀፎ የኋላውን ክዳን ከፍቶ እጅ እስከሚደርስበት እንጀራ ድረስ ማስጠጋት ነው። በሳምንት ውስጥ ካልጨረሱት አውጡት፤ ወይ ብናኝ አግኝተዋል፣ ወይ መንጋው ትንሽ ነው። ሻጋታና የሰም እሳት እራት ከሚራባበት ማንሳቱ ይሻላል።

አንድ ነገር ሳታዩ ደግሞ ምንም አትስጡ፦ ቀፎውን ከፍታችሁ ከእጩ ዙሪያ የብናኝ ቀለበት አለ ወይ? አንዲት ሠራተኛ ንብ ለማሳደግ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ብናኝ ይጠይቃል። ቀለበቱ ከጠፋ፣ እጮቹ ደረቅ ሴል ላይ ከተኙ፣ ሞግዚቶች እንቁላል እየበሉ ከሆነ ፕሮቲን አልቋል። በሐምሌና በነሐሴ በቆሎው ስለሚያብብ ብናኝ ብዙ ሲገባ ታያላችሁ፤ የበቆሎ ብናኝ ግን በፕሮቲን ደካማ ነው፣ ብቻውን መንጋ አያሳድግም። ቢጫው ጭነት እንዳያታልላችሁ።

ቡና ሥር ጻፈ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከፍቼ አየሁ፦ ከዘመናዊዎቹ በሁለቱ የብናኝ ቀለበቱ የለም፣ በአራቱ ቀጭን ነው። ማር ግን በሁሉም አለ። ስለዚህ ለሁለቱ የፕሮቲን ቂጣ እጀምራለሁ። የቀረኝ የጨዉ ጉዳይ ነው። ሽሮፑ ውስጥ ባደርገው አይቀልም? አመድ በውኃ በጥብጦ መስጠትስ?

ቀሳሚ መለሰ፦

ሽሮፕ ውስጥ በፍጹም አታድርገው። ንብ ጨውን እንደ ፍላጎቷ መጥና ነው የምትወስደው፤ ሽሮፑ ውስጥ ከገባ ግን ስኳሩን ፈልጋ ስትጠጣ ያልፈለገችውን ጨው አብራ ትጠጣለች። በምግቧ ውስጥ ማዕድን ሲበዛ እጭ ማሳደግ ይቀንሳል፣ ዕድሜዋም ያጥራል። የአመድ ውኃም ይቅር፦ ጠንካራ አልካሊ ነው፣ የምትፈልገው ሶዲየምም በውስጡ ጥቂት ነው።

ሁለት ሰፊ ዝርግ ሳህን አዘጋጅ። አንዱ ላይ ተራ ንጹሕ ውኃ፣ ሌላው ላይ በ1 ሊትር ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 ግራም ያህል። የገበታ ጨው ይበቃል፣ የተፈጨ አሞሌም ይሆናል። ሁለቱም ላይ ጠጠር፣ ስንጥር እንጨት ወይም የተነከረ ጆንያ አድርግ፤ የምታርፍበት ደረቅ ቦታ ካላገኘች ትሰምጣለች። ተራውን ውኃ አትርሳ፤ ምርጫ ስትሰጣት ነው መጠኑን ራሷ የምታስተካክለው።

ቦታው ከቀፎው 20 እስከ 30 ሜትር ርቆ፣ ከበራቸው አቅጣጫ ጎን ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ይሁን። ንብ ሞቅ ያለ ውኃ ትመርጣለች። በጅማ የክረምት ጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ የጠጣች ንብ ሰውነቷ ይቀዘቅዝና መነሣት ያቅታታል፤ ሳህኑ ዳር ደንዝዘው የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ሰለባ ናቸው፣ የመርዝ አይደሉም። ከላይ ቆርቆሮ ወይም የእንሰት ቅጠል ከልለህ ዝናብ እንዳይገባበት አድርግ፤ አለበለዚያ በአንድ ዶፍ ጨዉ ይቀጥናል። በፀሐይ ቀን ደግሞ ውኃው ተንኖ ጨዉ ይበረታል። በየሁለት ቀኑ ደፍተህ፣ አጥበህ አዲስ ቀይር። እያደር መጨመር ብቻ መጠኑን ያሳጣሃል።

አሁን ዋናው ችግር፦ ንብ የለመደችውን የውኃ ቦታ በቀላሉ አትተውም። በረቱን እያወቀች ሳህንህን ላታየው ትችላለች። ሽታ ስጠው፤ ጠጅ ሳር ጨምቀህ የሳህኑን ጠርዝ እሸው። የጠጅ ሳር ሽታ ንቦች ጓደኞቻቸውን ከሚጠሩበት ሽታ ጋር ይቀራረባል፣ ለመንጋ ማጥመጃም የሚውለው ለዚሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ጨዉ ውኃ ላይ ጥቂት ስኳር ጠብ አድርግ፤ መምጣት ሲጀምሩ ስኳሩን አቁም። በዚያው ሳምንት የሽንት ቦዩን በጭድና በአፈር ሸፍን ወይም ወደ ጉድጓድ አስገባው። ሁለቱን አንድ ላይ ካላደረግኸው አይሠራም። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ሳህኑን በግንቦት አስቀምጠው፤ በረቱን ሳይለምዱ ሳህኑን ይልመዱ።

ምን እንደጎደለ ለማረጋገጥ ከፈለግህ ከቀፎዎቹ 50 ሜትር ርቀህ 4 የጠርሙስ ክዳን ደርድር፦ ተራ ውኃ፣ ጨው ውኃ፣ የስኳር ውኃና ደረቅ የተነፋ ዱቄት። ለ30 ደቂቃ ብቻ ተመልከት፤ ከዚያ በላይ የስኳር ውኃ በአደባባይ ከቆየ ዝርፊያ ይነሣል፣ ማለትም ንቦች የሌላውን ቀፎ ማር መዝረፍ ይጀምራሉ። የየክዳኑን ቦታ አንዴ ቀያይረው፤ ንብ ቦታ ስለምትለምድ ምርጫዋ ከቦታው ይሁን ከጣዕሙ የሚለየው በዚህ ነው። ስኳሩን ትተው ጨዉን ከያዙ ማር አላቸው። ሁሉም ስኳሩን ከወረሩ ግን የጨው ጉዳይ ለጊዜው ይቆይ፤ ረሀብ ነው።

ጌራ ጫካ መለሰ፦

ስለ ማሩ ንጽሕና ያነሳኸው መልስ ሳያገኝ ቀረ። ውኃ ቀጂ ንብ ያመጣችው ፈሳሽ እንደ ወለላ ተከማችቶ ማር አይሆንም፤ በዚያው ቀን ማር ለማቅጠኛና ለእጭ ምግብ ይውላል። የደረሰ ማር ራሱ ውኃው ከ20 በመቶ በታች፣ ኮምጣጤነቱም ፒኤች 4 አካባቢ ስለሆነ ባክቴሪያ አይራባበትም። አይራባም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። አንዳንድ ባክቴሪያ ዘሩን በማር ውስጥ አንቀላፍቶ ያቆያል፤ ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር የማይሰጠው ለዚህ ነው፣ የቱም ማር ቢሆን። ከበረቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጫት ወይም አትክልት ላይ የተረጨ ፀረ-ተባይ የታጠበበት ኩሬና የመርጫ ዕቃ የተለቀለቀበት ጭቃ ነው። እሱ ንቧንም ይገድላል፣ ሰሙም ውስጥ ይቀራል። መርጫ የሚታጠብበትን ቦታ ከጎረቤት ጋር መነጋገር የማር ጉዳይ ነው።

ጣዝማ ያላቸው ደግሞ ይለዩ። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር የማይናደፍ ንብ ናት። እሷና ዘመዶቿ ጭቃና ሙጫ የሚሰበስቡት ለግንባታ ነው፤ ሌሎች የማይናደፉ ንቦች እበትም ይጨምሩበታል። ስለዚህ ጣዝማ ጭቃ ስትጭን ካያችሁ ጨው አታቅርቡላት። ማሯ ከማር ንብ ይልቅ ቀጭን፣ ውኃ የበዛበት ስለሆነ ቶሎ ይቦካል። ሲወጣ የእጩንና የብናኙን ክፍል ከማሩ እንስራዎች መለየት፣ አፈር ሳያስነኩ ማጥለል ያስፈልጋል። ለመድኃኒት የሚፈልገው ሰው ብዙ ስለሆነ ይህ ጥንቃቄ ከማንም በፊት ለበሽተኛው ነው።

ወለላ መለሰ፦

ይሁን፣ በሶውን እቀንሳለሁ። ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች አካባቢ ንብ በደመና ነው። ልጣጩ ጣፋጭ ስለሆነ ነጻ ቀለብ አይደለም?

ብሳና መለሰች፦

ጋሽ ወለላ፣ ትኩሱ የእሸት ልጣጭ ስኳር አለው፣ ልክ ነዎት። ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቦካል፣ የሚወስዱት ጭማቂም አሲድ የበዛበት ነው። ንቦቹ የሚሞቱት ደግሞ በአብዛኛው በረሀብ ሳይሆን በማጠቢያ ገንዳው ውስጥ ሰምጠው ነው። ጣቢያው ልጣጩን በየቀኑ ቢሸፍንና ገንዳው ላይ ተንሳፋፊ እንጨት ቢጥል ብዙ ንብ ይተርፋል። ማንጎም እንዲሁ ነው፦ ንብ የደህና ፍሬ ልጣጭ መብሳት አትችልም፣ ወፍ የወጋውን ወይም ወድቆ የተሰነጠቀውን ነው የምትመጥጠው። ፍሬ አበላሸች ብለው የሚያባርሯት ሰዎች ይህን ይወቁ። የፍሬ ጭማቂ ለዕለት ይሆናል፣ ለክምችት ግን አይሆንም፤ ጃገሪና (ያልተጣራ ስኳር) ሞላሰስም በተመሳሳይ ምክንያት ተቅማጥ ያመጣሉ። ሽሮፕ ካስፈለገ ነጭ ስኳር ብቻ፤ ውኃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመር። ስኳሩን እሳት ላይ ማፍላትና ማሳረር ለንብ መርዝ የሆነ ነገር ይፈጥራል።

የቀፎ በር መለሰ፦

ቡና ሥር፣ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ቀለብ የምትሰጠው ሲመሽ ይሁን፣ ቀፎ ውስጥ ብቻ፣ የበሩንም ቀዳዳ ለሁለት ለሦስት ንብ ማሳለፊያ አጥብበው። ደካማው ቀፎ የሚዘረፈው በሚቀለብበት ሌሊት ማግስት ነው። የመቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አድርግ፤ የፕሮቲን ቂጣ ሽታ ጉንዳን ይጠራል፣ የእኛ ንብ ደግሞ ጉንዳን ከገባባት ቀፎዋን ጥላ ትሄዳለች።

መስከረም ሲገባ መጩና አደይ አበባው ሲፈነዱ ሽሮፑን ቀድመህ አቁም፣ ማር መሰብሰቢያውን ደርብ ከመጫንህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት። አለበለዚያ የጥቅምት ማርህ ውስጥ የገበያ ስኳር ይገባል። ጨዉ ውኃ ሳህኑ ግን ይቀጥል፤ ባዶ ማድረግ የሚገባህ ንቦቹ ራሳቸው ሲተዉት ነው።

ቡና ሥር ጻፈ፦

ገባኝ። ለባህላዊዎቹ 3 ቀፎዎች ቂጣውን ከኋላ ሳስገባ ጭስ ልጠቀም ወይስ ያለ ጭስ?

የቀፎ በር መለሰ፦

ጥቂት ቀዝቃዛ ጭስ፣ ከኋላው ክዳን በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ። እንጀራው እስከ ክዳኑ ከደረሰ አትግፋው፤ ቂጣውን በቀጭኑ አሳስተህ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በሁለት ስንጥር ወግተህ አጣብቀውና መልሰህ ግጠመው።